ዓባይ በረሃ ላይ አባቴን ያልሰማሁባት ደቂቃ

እግሬ አሁንም ፍሬን ሁለት ጊዜ ይረግጣል። ከቤቴ ወጥቼ ሽምብጥ ካለው መታጠፊያ ሳልደርስ፣ መኪናዋ ገና በሁለተኛ ማርሽ ላይ እያለች፣ አንድ ጊዜ ቀለል፣ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጌ እረግጣለሁ። ፔዳሉ ከፍ ብሎ፣ ድንጋይ የረገጥኩ ያህል ጸንቶ ሲመልስልኝ ብቻ መንገዴን እቀጥላለሁ። አብረውኝ የሚሳፈሩ ሰዎች ይገረማሉ። ባህር ዳር ሜዳ ናት፤ ሕዝቡ በብስክሌት የሚዞራት ከተማ ናት፤ ከቤዛዊት ኮረብታ በቀር ይህ ነው የሚባል ቁልቁለት የላትም። ምን አስፈራህ ይሉኛል። ለማንም በወጉ ነግሬ አላውቅም።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነው። ፍሬን እምቢ ማለቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ በረሳሁት ነበር፤ ብዙ የነዳ ሰው የሚያወራው አንድ የፍሬን ታሪክ አያጣም። የማይለቀኝ ፍሬኑ ከመላላቱ ሁለት ደቂቃ ቀደም ብሎ ለአባቴ የመለስኩለት መልስ ነው።

ቀዮቹ ካሊፐሮች

መኪናዋ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ናት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ2004 ሥሪት፣ ሰማያዊ፣ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተር፣ አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ። ኮሊን ማክሬ በ1995 እ.ኤ.አ.፣ ፔተር ሶልበርግ ደግሞ በ2003 የዓለም ራሊ ሻምፒዮን የሆኑት በኢምፕሬዛ ነው። ያቺን ሰማያዊ መኪና አቧራ ለብሳ ዳገት ስትወጣ በቴሌቪዥን ያየ ልጅ፣ ካደገና ጥቂት ገንዘብ ከያዘ በኋላ ምን እንደሚመኝ መገመት አይከብድም። እኔም ተመኘሁ፤ ዓመታት ቆጥቤ ገዛኋት። ዛሬም እወዳታለሁ።

ከፋብሪካ ስትወጣ የፊት ፍሬኗ ባለ ሁለት ፒስተን ካሊፐር ነው። ካሊፐር ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ዲስኩን፣ በሸራ ጨብጦ የሚይዘው ክፍል ነው፤ ፒስተኑ ሸራውን ይገፋል። በ2006 እና በ2007 እ.ኤ.አ. የተሠሩት እህቶቿ ግን ባለ አራት ፒስተን፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ካሊፐር ይዘው መጡ። ያ ቀይ ካሊፐር የእኔዋ ላይ ያለ ብዙ ችግር እንደሚገጥም ካወቅሁበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ዱባይ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ሻርጃ ካለው የአሮጌ መለዋወጫ ገበያ ፈልጋ፣ በልብስ ጠቅልላ ላከችልኝ። ሳጥኑን ስከፍት የተሰማኝን ደስታ አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ብረቱ ይከብዳል፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተፍቋል፣ ለእኔ ግን የበዓል ስጦታ ነበር።

አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። በግማሽ ቀን ገጠሙልኝ። ሲጨርሱ፣ ከመደርደሪያ ላይ ክዳኑ ላላ ብሎ ከተቀመጠ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ጨመሩ፤ በቱቦው ውስጥ የነበረውን አሮጌውን ዘይት ሙሉ በሙሉ አላስወጡትም፤ አየሩ ወጣ ብለው ዘጉት። ይህን ሁሉ ቆሜ አይቻለሁ። አልተናገርኩም፤ ምክንያቱም ከአንድ ቀን በኋላ አባቴን ይዤ አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝ፤ ልቤም ቀዩ ብረት በቸርኬው መካከል ብቅ ሲል ለማየት ቸኩሎ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት እናቴ ጫማዬን ሳላስር ስሮጥ ትለኝ ነበር። ጫማ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ያን ዕለት ማታ በዘንባባዎቹ ሥር ወዲያ ወዲህ ስል አመሸሁ። ፔዳሉ ከበፊቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር የሚይዘው። ትልልቅ ፒስተኖች ብዙ ዘይት ስለሚፈልጉ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ይህ በከፊል እውነት ነው። ከፊል እውነት ደግሞ ሰውን በጣም ያስተኛል።

ከጎሃ ጽዮን በታች

አባቴ ዕድሜውን በፊያት ኤን ትሬ የጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ሾፌር ነው። ዓባይ በረሃን ስንት ጊዜ ወርዶ እንደወጣ ራሱም አይቆጥረውም። አዲስ አበባ የሄድነው ለዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ነበር። ስንመለስ አንደኛው ዓይኑ ገና እያገገመ ስለነበር ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ሁለተኛው ሞራው አልተነሳለትም። ከጎኔ ተቀምጦ መንገዱን አያየውም፤ ግን ያውቀዋል። መታጠፊያው ሊመጣ ሲል ሰውነቱ ቀድሞ ወደዚያ ያጋድል ነበር።

ጎሃ ጽዮንን አልፈን መውረድ ስንጀምር አራተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ። አየሩ እየሞቀ፣ ጆሮ እየደፈነ፣ ገደሉ በስተግራ እየተከፈተ ይሄዳል። እኔ ፍሬኑን በቀስታ፣ ሳላቋርጥ ይዤው ነበር የምወርደው። ጥንቃቄ መስሎኝ ነው። እግሬ ከፔዳሉ አይነሳም።

"ፍሬንህ እየነደደ ነው" አለኝ አባቴ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ሽታው ለእኔም ደርሶኝ ነበር፤ የተቃጠለ ጨርቅና የተቃጠለ ጎማ የተቀላቀለበት ዓይነት። ሁለት መታጠፊያ ቀደም ብሎ አንድ ተሳቢ ሲወርድ አይቼ ስለነበር፣ "የእኛ አይደለም አባባ፤ ከፊታችን ያለው ተሳቢ ነው" አልኩት።

"ተሳቢ ቅርብ የለም። ድምፁን አልሰማሁም።"

ያን ጊዜ ነው የማይለቀኝን ነገር የተናገርኩት። "አባባ፣ ይህች እንደ ድሮ መኪና አይደለችም። ፍሬኗን አሁን ነው ያስለወጥኩት።"

ዝም አለ። አልተቆጣም፣ አልተከራከረኝም። ግራ እጁን ከጭኑ ላይ አነሳና የእጅ ፍሬኑ ላይ አሳረፈው። በዳሰሳ ነው ያገኘው። እንቅስቃሴውን በዓይኔ ጥግ አየሁት፤ እጁን ማሳረፊያ የፈለገ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። ወደ ቀኝ የሚጠመዘዝ መታጠፊያ መጣ፤ ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ጥጥ የረገጥኩ ያህል ለሰለሰ። እንደገና ረገጥኩ፤ ወለሉን ነካ። መኪናዋ አልቀነሰችም። ስለዚያች ቅጽበት ብዙ ሰው ድንጋጤ ነው የሚያወራው። እኔን የሞላኝ እፍረት ነበር፤ በሰከንድ ቁራጭ ውስጥ፣ ከፍርሃቱ በፊት፣ አባቴ ትክክል ነበር የሚል ሐሳብ መጣብኝ።

"ርገጥ ልቀቅ፣ ርገጥ ልቀቅ። ማርሽ አውርድ" አለ። ድምፁ ለረዳቱ የሚናገር ሾፌር ድምፅ ነበር። ሦስተኛ አስገባሁ፤ ሞተሩ ጮኸ። ሁለተኛ አስገባሁ፤ መኪናዋ ወደ ፊት ሰገደች። አባቴ የእጅ ፍሬኑን አዝራር በአውራ ጣቱ እንደተጫነ፣ ሳይቆልፈው፣ ሲስብና ሲለቅ፣ ሲስብና ሲለቅ የኋላ ጎማዎቹን ያዘ። ፔዳሉን ደጋግሜ ስመታው ትንሽ ኃይል ተመለሰለት። በተራራው በኩል መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ ላይ፣ ጠጠር እያንሿሿን ቆምን።

የዚያች መኪና የእጅ ፍሬን በገመድ ነው የሚሠራው፤ ከኋላ ዲስኮች ውስጥ የተደበቀ የራሱ ሸራ አለው፤ የፍሬን ዘይት አይፈልግም። ይህን እኔ በጽሑፍ አንብቤ አውቀው ነበር። አባቴ ስለ ሱባሩ አንድም ነገር አንብቦ አያውቅም። እጁን ግን ቀድሞ እዚያ አስቀምጦ ነበር፤ ቃሌን ተቀብሎ ዝም ያለ መስሎኝ ሳለ፣ እሱ ለእኔ ስህተት እየተዘጋጀ ነበር።

ሸራው ይጨሳል። ከመቀመጫው ሥር የውሃ ጠርሙስ አንስቼ ዲስኩ ላይ ላፈስ ስል ክዳኑ ሲከፈት ሰማ።

"ውሃውን ጠጣው። ለብረቱ አትስጠው።"

የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያርፍበት ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ጠጣሁት። ከአንድ ሰዓት በላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቆየን። ዝንጀሮዎች ከላይ ሆነው ያዩናል። አባቴ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ የሚወርዱትን መኪኖች ድምፅ ይሰማል፤ አንዳንዴ "ይሄ ያውቃል"፣ አንዳንዴ "ይሄ አያውቅም" ይላል። ስለ እኔ ምንም አላለም። ፔዳሉ ቀዝቅዞ ሲመለስና ልንነሳ ስንል ብቻ፣ "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" አለኝ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ እየቆምን እየተነሳን እስከ ድልድዩ ወረድን፤ ከዚያ ወደ ደጀን ወጣን። ከደጀን እስከ ባህር ዳር አንድም ቃል አልተነጋገርንም ማለት ይቻላል።

ሦስት ጀሪካን የፈላ ውሃ

ቤት ከገባን በኋላ ለብዙ ሌሊቶች ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ አራት ፒስተን ያለው ፍሬን እንዴት ይህን ያህል ቁልቁለት አልቻለም?

ፍሬን መኪናን "የሚያቆም" ነገር አድርጌ ነበር የማስበው። ፍሬን ምድጃ ነው። የመኪናን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት ይቀይራል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር ገደማ ነው። አንድ መኪና ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የነበረችን ያችኑ መኪና 35 ጊዜ ያህል ፈጽሞ ከማቆም ጋር እኩል ነው። ክብደቱ ምንም ያህል ቢሆን ይህ ቁጥር አይለወጥም። ግማሽ ሰዓት በሚወስድ ቁልቁለት፣ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ከ100 ወደ ዜሮ ማቆም እንደማለት ነው፤ ያውም ዲስኩ እንዲቀዘቅዝ ፋታ ሳይሰጡ።

በሌላ መንገድም አሰላሁት። እኛ ሁለት ሰዎችና ሻንጣችን ጋር መኪናዋ 1,500 ኪሎ ያህል ብትመዝን፣ ያ ሙቀት ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከባህር ዳር ከፍታ የተነሣ ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ቆጥሬ ነው ያሰላሁት። ከዚህ ሙቀት የተወሰነውን ነፋሱ፣ የተወሰነውን ጎማው ይወስደዋል። ትልቁን ድርሻ ግን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ መሸከም አለበት፤ ምርጫው የሾፌሩ ነው። አራተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ሞተሩን ከሥራ ነጻ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አብዛኛውን ሸክም በፊተኞቹ ሁለት ክብ ብረቶች ላይ ጫንኩት።

እዚህ ላይ ነው የቀዩ ካሊፐር ጉዳይ ያመመኝ። የ2006ቱ ካሊፐር የሚይዘው ዲስክ ያው የድሮው 294 ሚሊሜትር ዲስክ ነው። ፒስተኖቹ ሲጨምሩ ሸራው በእኩል ይጫናል፣ ፔዳሉም እግር ላይ ጥሩ ስሜት ይሰጣል፤ ሙቀት የሚሸከመው ብረት ግን በአንድ ግራም አልጨመረም። ከእኔዋ ከፍ ባለችው የሱባሩ ኤስ ቲ አይ ላይ ያለው፣ ብሬምቦ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ፍሬን 326 ሚሊሜትር ስፋትና 30 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዲስክ ይዟል፤ እሱ በእርግጥ ሙቀት ይሸከማል፤ ለመግጠም ግን ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል። እኔ የገዛሁት ለዓይን የሚታየውን ክፍል ነበር።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው ትልቅ ፍሬን መኪናን በአጭር ርቀት ያቆማል ብሎ ያምናል። የመጀመሪያውን ማቆም የሚወስነው ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው ቁርኝት ነው። የፋብሪካው ፍሬንም ጎማውን እስከ መንሸራተት ማድረስ ከቻለ፣ ያረጀ ጎማ ላይ የተገጠመ ውድ ካሊፐር ምንም አይጨምርም። ትልቁ ፍሬን ዋጋው የሚታወቀው በአሥረኛው፣ በሃያኛው ማቆም ላይ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ገንዘቤን መጀመሪያ ጎማ ላይ አውለው ነበር።

ዘይት ያልሆነ ዘይት

ከዚያ በኋላ የሄድኩበት መካኒክ በዕድሜ የገፉ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው። ታሪኩን ስነግራቸው ካሊፐሩን ዞረው አላዩትም። ቀጥታ የማስወጫውን ብሎን ፈተው በንጹሕ ብርጭቆ ትንሽ ዘይት ቀዱና ለብርሃን አሳዩኝ። የቡና አተላ ይመስል ነበር።

"ይህን ነው የረገጥከው" አሉኝ።

በአማርኛ "የፍሬን ዘይት" ማለታችን ያሳስታል። ዘይት ውሃ አይወድም፤ አብረው ቢያስቀምጧቸውም ይለያያሉ። ይህ ፈሳሽ ግን ውሃን ከአየር ይጠጣል፤ በክረምት የወጥ ቤት ጨው ሳይነኩት እንደሚረጥበው ሁሉ። ጠርሙሱ ክዳኑ ላልቶ ከቆየ ይጠጣል፤ በጎማ ቱቦው በኩልም ቀስ በቀስ ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት ደረጃው የሚጠይቀው አዲስ ሲሆን ቢያንስ በ230 ዲግሪ፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ደግሞ ቢያንስ በ155 ዲግሪ እንዲፈላ ነው። ዶት 3 ደግሞ 205 እና 140። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ ጥቂት ውሃ ብቻ ከአንዱ ሰባ አምስት፣ ከሌላው ስልሳ አምስት ዲግሪ ይወስዳል። ፈሳሹ ካሊፐሩ ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። እግር የሚረግጠው ያን ጊዜ አየር ነው። አባቴ ርገጥ ልቀቅ ያለኝ ያንኑ እንፋሎት ደጋግሞ ለመጭመቅ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ፔዳሉ የተመለሰውም እንፋሎቱ ቀዝቅዞ እንደገና ፈሳሽ ስለሆነ ነው። ስሙን ሳያውቅ ሥራውን ያውቀዋል።

አዲስ፣ ታሽጎ የመጣ ዶት 4 ገዝተን አራቱንም ጎማ አንድ በአንድ፣ አንዳችን ፔዳሉን እየረገጥን፣ ንጹሕ ፈሳሽ እስኪወጣ ድረስ አስወጣን። የደረቁትን የጎማ ቱቦዎች በብረት ሽቦ በተጎነጎኑ ቀየርናቸው። የነደደውን ሸራ ጥለን ሙቀት የሚችል አስገባን። ካሊፐሮቹ እዚያው ቀሩ፤ ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። ቀዳዳ ያላቸው ዲስኮች ላስገባ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ "ብረት ቀንሰህ ሙቀት ልታሸክም ነው?" ሲሉኝ ተውኩት።

አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። በመካከለኛ ፍጥነት እየሄዱ ሳይቆሙ ደጋግሞ መቀነስ፣ ከዚያ ፍሬን ሳይረግጡ እያነፈሱ ማቀዝቀዝ ነው። ለዚህ ወደ ወረታ የሚወስደውን ሜዳ መንገድ መረጥኩ። ንጋት ላይ ወጣሁ። የፎገራ ሩዝ ማሳዎች ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። ግን መንገዱ ባዶ አልነበረም፤ ከብት የሚነዳ፣ እንጨት የተሸከመች፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አለ። አንድ ጊዜ ቀንሼ፣ ሰው ሳይ ትቼ፣ እንደገና ጀምሬ፣ ሥራው ሦስት ጠዋት ፈጀ። መኪናዬ የተሠራችበት ፍጥነት በዚህ መንገድ ላይ ቦታ እንደሌለው ያየሁት በእነዚያ ጠዋቶች ነው። ፍሬኗ ግን በእያንዳንዱ መቶ ሜትር ቦታ አለው። እነዚህ እግረኞች ያለ ፍርሃት ጀርባቸውን የሚሰጡኝ ፍሬኔን አምነው ነው።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እንደ እኔ ያሉ አሮጌ መኪና የያዙ ሰዎች ያላቸውን ጠግነው ለማቆየት ይገደዳሉ። ወጣቶች ስለ ካሊፐር ይጠይቁኛል። መጀመሪያ የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን እንዲከፍቱ እነግራቸዋለሁ። ብዙዎቹ ሲያዩት ይደነግጣሉ። አንዳንዶቹ መልሰው ይዘጉትና ስለ ካሊፐር ደግመው ይጠይቃሉ። እነዚያን ስመለከት የገዛ ድምፄን እሰማለሁ፦ እንደ ድሮ መኪና አይደለችም።

ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። እኔም ያቺን ዓረፍተ ነገር የማስቀምጥበት አጥቼ ለዓመታት ይዤያት ዞርኩ። አንድ ምሽት ሐይቁ ዳር ዓሣ በልተን ተቀምጠን ሳለ ይቅርታ ልጠይቀው ጀመርኩ። አባቴ መሃል ላይ አቋረጠኝ። "ያን ጊዜ እኮ ማርሽ አውርድ ስልህ ሰምተኸኛል" አለኝ። ከዚያ ስለ ዓሣው ዋጋ ማውራት ቀጠለ።

ሁለተኛው ዓይኑም ታክሞለት አሁን በደንብ ያያል። ዘይቱን በቀየርን ቁጥር የማጠራቀሚያው ክዳን አጠገብ ነጭ ፕላስተር ይለጥፍና ቀኑን በገዛ እጁ ይጽፍበታል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ እንዳጣፋ፣ የመኪናዋን ኮፈን አስከፈተኝ። ጎንበስ ብሎ ፕላስተሩን አነበበው።

"ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ሁለት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ይቀረዋል።"

"ክረምቱ አልፎበታል?"

"ሁለቱም ክረምት።"

ቀና አለና ነጠላውን አውልቆ ሰጠኝ። "አውጣው እንግዲህ። እኔ እረግጥልሃለሁ" አለና በሾፌሩ በር በኩል ገባ።